ጨዋታን ማሻሻልና ጨዋታን ማበላሸት
(በተማሪዎች ማኅበር የንግግር ምሽት ላይ የቀረበ)



ስለ ጨዋታ ለመናገር በዚህ መድረክ ላይ ስንቆም፥ ከመካከላችሁ «ሌላ ቁም ነገር አጥታችሁ ነው ወይ?» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። ስለ ምግብ ቤቱ፥ ስለ መኝታ ቤቱ ውሃ፥ ስለ ቤተ መጻሕፍቱ መዝጊያ ሰዓት ብዙ የሚነገር እያለ፥ በጠፈር መንኰራኵር ስለሚደረግ የኮምፒዩተር ጨዋታ ማውራት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ዳሩ ግን የዛሬው ነገራችን ስለ መንኰራኵር ብቻ አይደለም። ጥቂት ሰዎች የብዙዎችን ደንብ በእጃቸው ይዘው ሲገኙ፥ ያንን ደንብ መቼና እንዴት ሊለውጡት ይገባል? የሚለው ጥያቄ ነው። ይህም ጥያቄ ማኅበር ያለው ሰው ሁሉ ጥያቄ ነው።

መነሻችን የራሳችን ጥፋት ስለ ሆነ አስቀድመን እሱን እንናገር። ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት፥ ዐርብ ማታና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በኮምፒዩተር ክፍል እየተሰበሰብን «ፍሪላንሰር» የተባለውን ጨዋታ እንጫወታለን። ጨዋታው በ2003 የወጣ ነው፤ በዚህ ንግግር የምንጠራቸው ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። ዕድሜው የገፋ ቢሆንም፥ በአሮጌ ኮምፒዩተር ስለሚሠራና ሰርቨሩንም ማንም ሰው በራሱ ክፍል ሊያቆመው ስለሚችል ለእኛ ኪስ የሚስማማ ሆኖ አግኝተነዋል። ተጫዋቹ አንዲት መንኰራኵር ይዞ ይነሣል፤ ከዚያ በኋላ ነጋዴ ቢሆን፥ ወንበዴ ቢሆን፥ የነጋዴ አጃቢ ቢሆን የራሱ ፈንታ ነው። የጋሻው ጥንካሬ፥ የመሣሪያው ኀይል፥ የሸቀጡ ዋጋ፥ ይህ ሁሉ በፋይል ውስጥ በቍጥር ተጽፎ ይገኛል። ፋይሉን ከፍቶ ቍጥሩን የለወጠ ሰው ጨዋታውን ለወጠ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ለውጥ ተሰብስቦ ሲቀመጥ «ሞድ» ይባላል።

አንድ ሰው ብቻውን ለሚጫወተው ጨዋታ ሞድ ቢሠራ የራሱ ጣዕም ጉዳይ ነው፤ ወጡን ቢያቀጥነው ቢያወፍረው የሚቀምሰው እሱው ነው። ብዙ ሰዎች በአንድ ሰርቨር ላይ ሲጫወቱ ግን ሞድ ጣዕም መሆኑ ይቀርና ሕግ ይሆናል። የማይስማማው ሰው ከጨዋታው ከመውጣት በቀር ሌላ ምርጫ የለውም።

እኛ ይህን ሞድ እንድናስተዳድር አደራ የተቀበልን አራት ተማሪዎች ነን። በሴሚስተሩ ዕረፍት ጊዜ ክፍሉ ባዶ ሆኖ ሳለ ተቀምጠን ሁለት ነገር ለወጥን። አንደኛ፥ ውጊያው በጣም ረዘመ ብለን እያንዳንዱ መንኰራኵር የሚይዘውን የጋሻ ባትሪና የመጠገኛ ብዛት ቀነስነው። ሁለተኛ፥ በአንድ የአልማዝ መንገድ ላይ የሚመላለሱ ነጋዴዎች ያለ ልክ በለጸጉ ብለን ትርፉን ከግማሽ በታች አወረድነው። ሁለቱንም ያደረግነው በቅን ልቡና ነው። ለማንም ግን አልነገርንም። ተማሪው ከዕረፍት ተመለሰ፤ አንድ ሁለት ዐርብ ተጫወተ፤ ከዚያ በኋላ ወንበሮቹ አንድ በአንድ ባዶ መሆን ጀመሩ። ከጥንቶቹ ነጋዴዎቻችን አንዷ ስትወጣ በር ላይ አግኝተን «ጨዋታው ተበላሸ ነው የምትዪን?» ብንላት፥ «ጨዋታው ተበላሸ አላልኩም፤ የእኔ ጨዋታ ጠፋ ነው የምለው» ብላን ሄደች። ይህ አነጋገር ከልባችን አልወጣ ስላለ፥ ከእኛ በፊት የነበሩት ሰዎች እንዲህ ያለውን ነገር እንዴት እንዳደረጉት ለመመርመር ተነሣን። ዛሬ የምናቀርብላችሁ የዚያን ምርመራ ውጤት ነው።

የጠፈር ጨዋታ በኮምፒዩተር ላይ ሥር የሰደደው የት ነው ቢባል፥ እንደ እኛው ባሉ ሰዎች መካከል በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው። በ1961 መጨረሻ ገደማ በአሜሪካ አገር ኤም.አይ.ቲ. በተባለው የቴክኖሎጂ ተቋም ፒ.ዲ.ፒ.-1 የሚሉት ኮምፒዩተር ገባ። ዋጋው 120,000 ዶላር ገደማ የነበረ ሲሆን፥ ብርሃናማ ነጥቦችን የሚያሳይ ክብ ስክሪን ነበረው። ስቲቭ ራስል የተባለው ወጣት ከማርቲን ግሬትዝና ከዌይን ዊታነን ጋር ሆኖ በዚህ ስክሪን ላይ ምን ቢሠራ መልካም እንደሚሆን ሲመክር ከቆየ በኋላ፥ ሁለት መንኰራኵሮች የሚዋጉበትን ጨዋታ ለመሥራት አሰበ። ራስል ሥራውን ለመጀመር ዳተኛ ነበረና «ሳይንና ኮሳይን የሚያሰላ ፕሮግራም የለኝም» እያለ ያመካኝ ነበር። አለን ኮቶክ የተባለው ጓደኛው ኮምፒዩተሩን እስከ ሠራው ኩባንያ ድረስ ሄዶ ፕሮግራሙን አምጥቶ ሰጠው፤ ማመካኛውም በዚያው አለቀ። እንዲህ ሆኖ በ1962 መጀመሪያ «ስፔስዋር!» ተወለደ።

ጨዋታው ሲጀመር ቀላል ነበር። አንዲቱ መንኰራኵር እንደ መርፌ የቀጠነች፥ ሁለተኛይቱ እንደ ሽብልቅ የሰፋች ሆነው ይዞራሉ፥ ይገፋሉ፥ ቶርፔዶ ይተኳኰሳሉ። ነገር ግን ፕሮግራሙ ተቈልፎ አልተቀመጠም። ያየው ሁሉ ሊጨምርበት፥ ሊቀንስበት ይችል ነበር፤ ጨመረበትም። ስለዚህ ዛሬ ሞድ የምንለው ነገር፥ ስም ሳይወጣለት በዚያ ክፍል ውስጥ ይሠራበት ነበር ብንል ማጋነን አይሆንብንም። እነዚያ ለውጦች አንድ በአንድ ሲመረመሩ ታላቅ ትምህርት ስላለባቸው፥ በእነርሱ ላይ ትንሽ እንቈይ።

የመጀመሪያው ለውጥ ስለ ከዋክብት ነው። ባዶ በሆነ ጥቁር ስክሪን ላይ መንኰራኵር በዝግታ ስትሄድ መሄዷና መቆሟ ለዐይን አይለይም። ስለዚህ ራስል ነጥቦችን እንዲያው በዘፈቀደ በትኖ ከዋክብት አስመሰላቸው። ፒተር ሳምሰን የተባለው ጓደኛቸው ይህ ሐሰተኛ ሰማይ አላስደሰተውምና፥ እውነተኞቹን ከዋክብት በየቦታቸውና በየብርሃናቸው መጠን የሚያሳይ ፕሮግራም ሠርቶ «ውዱ ፕላኔታሪየም» ብሎ ሰየመው። ይህ ለውጥ ለዐይን መለኪያን ሰጠ፤ ለጨዋታው ውበትን ጨመረ። ከማንም ምንም አልወሰደም። እንዲህ ያለ ለውጥ ጠላት የለውም።

ሁለተኛው ለውጥ የዳን ኤድዋርድስ ነው። ኤድዋርድስ ጨዋታው የጣት ፍጥነት ፈተና ብቻ እንደ ሆነ ተመለከተ፤ ቀድሞ የዞረና ቀድሞ የተኰሰ ያሸንፋል። ስለዚህ በስክሪኑ መካከል አንዲት ፀሐይ አስቀመጠና የስበት ኀይል ሰጣት። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ዝም ብሎ የቆመ ሰው ወደ ፀሐይ ተስቦ ይጠፋል፤ ብልህ የሆነ ሰው ግን በስበቱ ተጠቅሞ ፀሐይዋን ዞሮ ይወነጨፍና ከጠላቱ ጀርባ ይደርሳል። ይህ ለውጥ ደንቡን ከመሠረቱ የነካ ነው፤ ሆኖም ተወደደ። ስለ ምን ተወደደ? አንደኛ፥ ስበቱ ሁሉንም እኩል ይስባል፤ ለመርፌዋም ለሽብልቋም አያዳላም። ሁለተኛ፥ የሚማሩት ነገር ጨመረ እንጂ የተማሩትን አላጠፋም። ቀድሞ ጥሩ ተኳሽ የነበረው ዛሬም ጥሩ ተኳሽ ነው፤ አሁን ደግሞ መዞርን ይማራል።

እዚህ ላይ አንዲት የምታስቅ ነገር አለች። ኮምፒዩተሩ የስበትን ሒሳብ ለመንኰራኵሮቹ ሲያሰላ ጊዜው ያልቅበት ስለ ነበር፥ ለቶርፔዶዎቹ ሊያሰላ አልቻለም። ስለዚህ ቶርፔዶው ፀሐይዋን ንቆ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ሠሪዎቹም «ቶርፔዶው ከብርሃን የተሠራ ነው» ብለው ምክንያት ሰጡት፤ ተጫዋቹም ተቀበለ። ተጫዋች የሚፈልገው ነገሩ ሁሉ እንደ ተፈጥሮ እንዲሆን አይደለም። ዛሬ የሆነው ነገር ነገም እንደዚያው እንዲሆንለት ነው የሚፈልገው።

ይህንንም ሦስተኛው ለውጥ ያረጋግጥልናል። ራስል «እውነተኛ መሣሪያ አንዳንዴ ይስታል፥ አንዳንዴም ይከሽፋል» ብሎ በቶርፔዶዎቹ አካሄድና የመፈንዳት ጊዜ ላይ ትንሽ የዕድል ነገር ጨመረበት። ሐሳቡ ሲነገር ደስ ይላል። የተጫወቱት ሁሉ ግን ጠሉት፤ ራስልም አነሣው። ሰው አልሞ፥ አስቦ፥ ጊዜውን ጠብቆ ከተኰሰ በኋላ ያለ ጥፋቱ ሲስት፥ የተሸነፈው በጠላቱ ሳይሆን በደንቡ እንደ ሆነ ይሰማዋል። በጠላት መሸነፍ ያስቈጫል፤ የሚያስቈጨውም ተመልሶ እንዲጫወት ያደርገዋል። በደንብ መሸነፍ ግን ያስመርራል፤ የመረረውም ሰው ይሄዳል።

አራተኛው ለውጥ የግሬትዝ ነው። ለተጨነቀ ተጫዋች መውጫ እንዲሆነው «ሃይፐርስፔስ» የተባለ መሸሸጊያ አበጀ። መሞቱ የማይቀር መስሎ የታየው ሰው በአንድ ጊዜ ከስክሪኑ ይሰወርና ባልታወቀ ቦታ ብቅ ይላል። ይህ መውጫ በነፃ ቢሆን ኖሮ ጨዋታው መሸሽ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር። ስለዚህ ግሬትዝ ዋጋ አስከፈለበት። የመሰወሩ ብዛት በ8 ጊዜ ተወሰነ፤ ብቅ የሚባልበት ቦታ አይታወቅም፤ በየጊዜው ሲደጋገምም መንኰራኵሯ ስትመለስ የመፈንዳቷ ነገር እየጨመረ ይሄዳል።

እንግዲህ አስተውሉ። የራስል ቶርፔዶም ዕድል ነው፤ የግሬትዝ ሃይፐርስፔስም ዕድል ነው። የመጀመሪያው ተጠላ፤ ሁለተኛው ተወደደ፤ ዛሬም ድረስ ከጨዋታው ጋር ይነሣል። ልዩነቱ ምንድን ነው? በመጀመሪያው ዕድሉ በተጫዋቹ ላይ ተጫነበት። በሁለተኛው ተጫዋቹ አደጋውን ዐውቆ፥ ወድዶ፥ በራሱ ጣት መረጠው። እኛ ከምርመራችን ሁሉ ያገኘነው ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ የቀረው ንግግራችን ሁሉ የዚህ ማብራሪያ ነው ብትሉ አትሳሳቱም።

አምስተኛው ለውጥ ከስክሪኑ ውጭ ነው። ተጫዋቾቹ መጀመሪያ ይጠቀሙ የነበረው በኮምፒዩተሩ ፊት ለፊት በተተከሉት ማብሪያና ማጥፊያዎች ነበር። ክርናቸው ታመመ፤ ከዚህም በላይ በአንዱ በኩል የሚቀመጠው ሰው ስክሪኑን ከሌላው የተሻለ ያይ ነበር። ኮቶክና ቦብ ሳንደርስ ከሞዴል ባቡር ክበባቸው በተገኘ ዕቃ ለእያንዳንዱ ተጫዋች የእጅ መቈጣጠሪያ ሣጥን ሠሩ። የመተኰሻው ቁልፍም ድምፅ እንዳያሰማ ተደርጎ ተሠራ፤ ተቃራኒው በጆሮው ሰምቶ እንዳያውቅ ነው። አንድም ደንብ ሳይለወጥ ጨዋታው ከቀድሞው ይልቅ ፍትሐዊ ሆነ። አንዳንድ ጊዜ የሚያስፈልገው የደንብ ለውጥ ሳይሆን የወንበር ለውጥ ነው።

የመጨረሻው ነገር ከሁሉ የሚበልጥ ይመስለናል። እነዚያ ወጣቶች ከለውጦቻቸው ብዙዎቹን በማብሪያና ማጥፊያ ላይ አደረጓቸው። ፀሐይ ይኑር ወይስ አይኑር፤ ስበቱ ይበርታ ወይስ ይላላ፤ ከዋክብቱ ይታዩ ወይስ ይጥፉ፤ ሁለቱ ተጫዋቾች ከመጀመራቸው በፊት ተስማምተው ይወስናሉ። ማንም የማንንም ጨዋታ አልሠረዘም። ጨዋታው በግንቦት 1962 ለጐብኚዎች ታየ፤ ፒ.ዲ.ፒ.-1 ባለበት ሁሉ ተዛመተ፤ ኩባንያውም ራሱ ማሽኑ በደኅና መሥራቱን ለመፈተን ይጠቀምበት ነበር።

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም። ገበጣ በአገራችን ከቦታ ቦታ ደንቡ ይለያያል፤ ስለዚህ ከሌላ አገር ከመጣ ሰው ጋር የሚጫወት ሰው ጠጠሩን ከመዝራቱ በፊት «በማን አገር ደንብ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ብልህነት ነው። የጥንቱ ሰንጠረዣችንም «ወረራ» የሚባል አጀማመር አለው፤ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ፥ የመጀመሪያው ተዋጊ እስኪወሰድ ድረስ እንዳሻቸው ያንቀሳቅሳሉ። ዓለም ዛሬ በሚጫወተው ቼስ ደግሞ ሁሉም በተራ ነው። አንዱ የሌላው ብልሽት አይደለም፤ ሁለቱም ሙሉ ጨዋታዎች ናቸው። ብልሽት የሚሆነው፥ ወረራው ተጀምሮ ሳለ አንዱ እጁን አንሥቶ «ከአሁን ጀምሮ በተራ ነው» ያለ እንደ ሆነ ነው።

አሁን ወደ ኋለኛው ዘመን እንምጣ። በ2003 «ስታር ዋርስ ጋላክሲስ» የተባለ ታላቅ የብዙ ሰው ጨዋታ ወጣ። በ2004 መጨረሻም የጠፈር መንኰራኵር ተጨመረበት። የዚህ ጨዋታ ልዩ ጣዕሙ ሁሉም ሰው ተዋጊ እንዲሆን አለማስገደዱ ነበር። ከሠላሳ በላይ ሙያዎች ነበሩት፤ አንዱ ሐኪም፥ አንዱ ጨፋሪ፥ አንዱ ልብስ ሰፊ፥ አንዱ አውሬ አልማጅ ነው። ተዋጊው ከጦርነት ሲመለስ ሐኪሙና ጨፋሪው ዘንድ ይሄዳል፤ መሣሪያውንም ከሠሪው ይገዛል። ኩባንያው ግን ነገሩ ተወሳሰበ፥ አዲስ ሰው ይሸሻል ብሎ በ2005 ሁለት ጊዜ መሠረቱን ለወጠው። በሚያዝያ የውጊያውን ሥርዐት ቀየረ፤ በኅዳር ደግሞ ሙያዎቹን ሁሉ ሰብስቦ ወደ 9 አወረዳቸው። አውሬ አልማጅነት እንደ ሙያ ጠፋ። ሁለተኛው ለውጥ የታወጀው ኩባንያው ተጨማሪ ክፍል ለተጫዋቾች በሸጠ በጥቂት ቀኖች ውስጥ ስለ ነበር፥ ቍጣው እጅግ በረታ፤ ገንዘብ መመለስም ግድ ሆነ። ለዓመታት አንድ ሙያ ሲማር የኖረ ሰው አንድ ቀን ማለዳ ሲገባ ሙያው የለም። ብዙዎች ጥለው ሄዱ። ጨዋታው በታኅሣሥ 2011 ተዘጋ።

ከዚህ ታሪክ ሁሉ የሚደንቀን ግን መዘጋቱ አይደለም። ከቀድሞ ተጫዋቾቹ አንዳንዶቹ በገዛ እጃቸው፥ ያለ ደመወዝ፥ ከ2005ቱ ለውጦች በፊት የነበረውን ጨዋታ እንደ ነበረ መልሶ የሚያቆም ሰርቨር ለመሥራት ብዙ ዓመት ደከሙ። አዲስና የተሻለ ጨዋታ በየዓመቱ ይወጣ ነበር፤ እነርሱ ግን የፈለጉት የራሳቸውን ነው። «የእኔ ጨዋታ ጠፋ» ያለችን እኅታችን እነዚህን ሰዎች ሳታውቃቸው ቃላቸውን ተናገረችልን።

ሁለተኛው ምሳሌያችን በአይስላንድ አገር የተሠራው «ኢቭ ኦንላይን» ነው። እሱም በ2003 የወጣ ሲሆን ዛሬም ይሠራል። በዚህ ጨዋታ ውስጥ ሕግ አስከባሪ የሌለበት ሰፊ የጠፈር ክፍል አለ። ወደዚያ የገባ ሰው ሁሉ ስሙ ወዲያውኑ በዝርዝር ላይ ይታይ ስለ ነበር፥ ነዋሪው እንግዳ መምጣቱን በዚያ ዐውቆ ይጠነቀቃል። በሐምሌ 2019 ኩባንያው ይህን ዝርዝር አጠፋው፤ ካልተናገረ በቀር የማንም ስም አይታይም። አዳኞች ደስ አላቸው። በሰላም ማዕድን ይቈፍር የነበረው ሰው ግን በየደቂቃው አንገቱን ሲያዞር መዋል ሰለቸውና ቀረ። የሚታደነው ሲቀር አዳኙም ሥራ ፈታ። የተጫዋቹ ቍጥር መቀነሱ በሰፊው ተነገረ፤ በመስከረም አጋማሽ፥ ሁለት ወር ያህል ቈይቶ፥ ዝርዝሩ ተመለሰ።

ነገሩን ይበልጥ አስተማሪ የሚያደርገው ግን ይህ ነው። በዚያው ጨዋታ ውስጥ ከ2009 ጀምሮ ያ ዝርዝር ፈጽሞ የሌለበት ሌላ የጠፈር ክፍል ነበረ፤ አለም። እዚያ የሚኖሩት ሰዎች ጨለማውን ይወዱታል፤ ዝርዝር ይሰጣችሁ ቢባሉ እንቢ የሚሉ ናቸው። ደንቡ አንድ ነው። እዚያ ደስታ የሆነው እዚህ መከራ የሆነው፥ እነዚያ መርጠው የገቡበት፥ እነዚህ ግን በቤታቸው ሳሉ የመጣባቸው ስለ ሆነ ነው። የራስል ቶርፔዶና የግሬትዝ ሃይፐርስፔስ በሌላ ልብስ ተመልሰው መጡ ማለት ነው።

ስለዚህ ነገር ሊቃውንትም ያሉት አለ። ሪቻርድ ባርትል የተባለው እንግሊዛዊ በ1996 ባሳተመው ጽሑፍ፥ በብዙ ሰው ጨዋታ ውስጥ አራት ዐይነት ሰዎች እንዳሉ አመለከተ፤ ሀብትና ማዕረግ የሚሰበስቡ፥ ዓለሙን የሚመረምሩ፥ ለጭውውት የሚመጡ፥ ሌላውን በማጥቃት የሚደሰቱ። የአንዱ ወገን ቍጥር ሲለወጥ የሌላውም እንደሚለወጥ አሳየ። ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ ደግሞ በ1979 እንደ ጻፉት፥ ሰው አንድ ነገር ሲያጣ የሚሰማው ሕመም ያንኑ ያህል ነገር ሲያገኝ ከሚሰማው ደስታ ይበልጣል። ይህን ዐይተን ወደ ራሳችን ጥፋት ስንመለስ ሁሉ ነገር ግልጥ ሆነልን።

የአልማዙን ትርፍ ስናወርድ ያሰብነው ስለ አንድ ቍጥር ነበር። ነገር ግን ያ መንገድ የገበያ መንገድ ብቻ አልነበረም። ነጋዴዎቹ ተሰብስበው፥ አጃቢ ቀጥረው፥ እየተጨዋወቱ የሚጓዙበት ነው። ወንበዴዎቹም የሚሸምቁት እዚያው ነው። ነጋዴው ሲቀር አጃቢው ደመወዝ አጣ፤ ወንበዴው የሚዘርፈው አጣ፤ ዐርብ ማታ የሚወራው ወሬ ራሱ ጠፋ። አንድ ክር ስንመዝ ጋቢው ተተረተረ። የጋሻ ባትሪውን ስንቀንስ ደግሞ ውጊያው እንዳሰብነው አጠረ፤ ያጠረው ግን ለጀማሪው ብቻ ነው። ጀማሪ በረዥም ውጊያ ውስጥ ቢሸነፍም አንድ ነገር ተምሮ ይወጣ ነበር። አሁን ምን እንደ መታው እንኳ ሳያውቅ ይሞታል። ልምድ ያለው ሰው ግን ድሮም ባትሪ የማያስፈልገው ነበር። እኛ አራታችን ልምድ ያለን ስለ ነበርን፥ በእርስ በርሳችን ሞክረነው «ጥሩ ሆነ» አልን። መለኪያችን ራሳችን ነበርን።

እዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ ተገቢም ስለ ሆነ አንሸሸውም። «ተጫዋች ለውጥን ሁሉ መጥላት ልማዱ ነው፤ ለተቃውሞ ሁሉ ከተንበረከካችሁ ጨዋታው ሳይለወጥ ያረጃል፤ ያረጀም ይሞታል» የሚሉ ወዳጆች አሉን። እውነት ነው። የስፔስዋር! ሠሪዎች ለውጥን ቢፈሩ ኖሮ ፀሐይዋ ባልተገኘች ነበር። የአልማዙም ነጋዴ ያለ ልክ መበልጸጉ እውነተኛ ችግር ነበር፤ አዲስ የመጣ ሰው እሱን ሊደርስበት አይችልም ነበር። ስለዚህ እኛ ለውጥ ይቅር አንልም። ያጠፋነውም በመለወጣችን አይደለም። ሌላ የትርፍ መንገድ ከመክፈት ይልቅ ያለውን በመዝጋታችን፥ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ በመለወጣችን፥ ከሁሉም በላይ የሰውን ደንብ ሰውየው በሌለበት በመቀየራችን ነው ያጠፋነው። ለውጡ ትክክል ቢሆን እንኳ አኳኋኑ ትክክል አልነበረም። ዝም ብሎ የተለወጠ ደንብ ሌላም ጕዳት አለው፤ ከዚያ በኋላ ተጫዋቹ ሲሸነፍ ሁሉ «ዛሬ ደግሞ ምን ለውጠው ይሆን?» ማለት ይጀምራል። አመኔታ ከጠፋ፥ ያልነካነውም ነገር የተነካ ይመስላል።

ስለዚህ በማኅበሩ ፊት የሚከተለውን ሐሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፥ ከመጪው ዐርብ ጀምሮ ከዕረፍቱ በፊት የነበረው ሞድ እንደ ነበረ ይመለስ።

ሁለተኛ፥ ከእንግዲህ ማንኛውም ለውጥ ምክንያቱ ተጽፎ፥ ከሁለት ሳምንት በፊት በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ሰርቨሩን የሚያቆም ወይም ገንዘብ በሐሰት የሚያባዛ ስሕተት ሲገኝ ግን ወዲያውኑ ይታረም፤ መታረሙም በማግሥቱ ይነገር።

ሦስተኛ፥ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ። ሁለት መድኀኒት በአንድ ቀን የዋጠ ሰው የትኛው እንዳዳነው፥ የትኛውም እንዳመመው አያውቅም።

አራተኛ፥ አዲስ ነገር ሁሉ መጀመሪያ በሁለተኛው ኮምፒዩተር ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ይሞከር፤ የፈለገ ይግባበት፥ ያልፈለገ በቀድሞው ይጫወት። ይህ የእነዚያ የ1962 ወጣቶች ማብሪያና ማጥፊያ ነው። የጋሻ ባትሪውን ጉዳይ በዚህ መንገድ እንደገና እናቀርበዋለን፤ ከተጠላ ይቀራል።

አምስተኛ፥ ሰው በቀድሞው ደንብ ደክሞ ያገኘው መንኰራኵርም ሆነ ገንዘብ በአዲስ ደንብ አይሰረዝበት።

ስድስተኛ፥ ሞዱን የሚያስተዳድሩት ሰዎች በምርጫ ይሁኑ፤ ከነጋዴው፥ ከወንበዴው፥ ከአጃቢው፥ ከአዲስ ገቢውም አንድ አንድ ሰው ይኑርበት። የኢቭ ኦንላይን ተጫዋቾች ከ2008 ጀምሮ የሚመርጡት ምክር ቤት አላቸው፤ በ2011 ክረምት ተጫዋቾቹ በኩባንያው ላይ በተነሡ ጊዜም ኩባንያው ምክር ቤቱን እስከ አገሩ ድረስ ጠርቶ ተነጋግሯል። ለንግድ የቆመ ኩባንያ ይህን ካደረገ፥ በወንድማማችነትና በእኅትማማችነት የቆመ ክበብ ሊያንስ አይገባውም። የእኛም የአራታችን ቦታ ከዛሬ ጀምሮ ለዚሁ ምርጫ ክፍት ነው።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ጨዋታ ማንም ተገድዶ የማይገባበት ነገር ነው። ሰው ትምህርቱ ቢመረውም ይታገሣል፤ ሥራው ቢከብደውም ለእንጀራው ሲል ይቀመጣል። ከጨዋታ ግን ደስታው የጠፋበት ቀን ተነሥቶ ይሄዳል፤ ሲሄድም አቤቱታ አይጽፍም፤ ወንበሩ ብቻ ባዶ ይቀራል። ስለዚህ ደንብ በእጁ ያለ ሰው ባዶውን ወንበር ማንበብ መማር አለበት። እኛ ዘግይተን ተማርን። የሄዱት ጓደኞቻችን ዛሬ ከዚህ አዳራሽ ውስጥ ካሉ፥ በሁላችሁም ፊት ይቅርታ እንጠይቃቸዋለን፤ ከሌሉም ይህ ወረቀት ተባዝቶ በእጃቸው እንዲገባ አደራ እንላለን። ዐርብ ማታ ክፍሉ ክፍት ነው፤ የአልማዙም መንገድ እንደ ቀድሞው ነው።